ሁለት ጣት ቱቦ

መጋዙ የመጨረሻዋን ስስ ብረት ቆርጦ ሲያልፍ፣ ቁራጯ ሲሚንቶው ላይ ወድቃ እየተንከባለለች ሄዳ ከሞርሳው እግር ሥር ቆመች። ኖሄሚ ጎንበስ ብላ አነሳቻት። ገና ትሞቃለች። ቁራጯን ኪሷ ከታ፣ ከአዲሱ የፊት ሾክ አናት የሚወጣውን ቱቦ አፍ በሞረድ አለስልሳ፣ ሾኩን በጓደኛዋ በኤልፌጎ ብስክሌት አንገት ውስጥ ከታች ወደ ላይ ሰደደችው።

ቱቦው በላይ በኩል ብቅ አለ። ግን ብቅ ያለው ጥቂት ነበር።

«አይሆንም» አለች ለብቻዋ።

አወጣችው። ኩሽኔታዎቹን ነካክታ፣ ጠራርጋ፣ ደግማ ከተተችው። መሪውን የሚይዘውን ብረት ደረበችበት። ይህ ብረት ቱቦውን አንቀው የሚይዙ ሁለት ብሎኖች አሉት፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። በላይ በኩል አጮልቃ ስታይ ቱቦው የታችኛው ብሎን ጋ ደርሶ ቀርቷል። የታችኛው ብሎን የቱቦውን ከንፈር ብቻ ይነክሳል። የላይኛው አየር ነው የሚነክሰው።

ስህተቱ የት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ጠዋት ኤልፌጎ ብስክሌቱን ይዞ ልምምድ ወጥቶ ነበር፤ እሷ ደግሞ እስኪመለስ መጠበቅ አቅቷት ቱቦውን በራሷ ብስክሌት ለክታ ምልክት አደረገችበት። ሁለቱ ብስክሌቶች ቀለማቸው አንድ፣ ስሪታቸው አንድ፣ የመጡበትም ቀን አንድ ነው። የእሱ ግን ለረጅም ሰው የተሠራ ስለሆነ አንገቱ በሁለት ጣት ይረዝማል። ይህንን ማንም መካኒክ ያውቃል። ኖሄሚም ታውቃለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንደሷ ዓይነቱ ነው።

ሾኩ ደግሞ እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም። የኤልፌጎ አሮጌ ሾክ ከሞተ ቆይቷል። ድንጋይ ሲመታ አይተጣጠፍም፤ ምቱን ሁሉ ለእጅ ያስረክባል። ባለፈው ዓመት ውድድር የዲያብሎስ ጉልበት የሚባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ጣቶቹ ዝለው ፍሬን መያዝ አቅቷቸው፣ በአንድ ጎማ ርዝመት ተቀደመ። ታላቅ ወንድሙ ፋውስቶ ይህን ሰምቶ፣ ሰሜን ከድንበሩ ማዶ ቲማቲም ከሚለቅምበት አገር ያገለገለ ግን ደህና ሾክ ፈልጎ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ወደ መንደራቸው ወደ ያቤጎ በሚመለስ ጎረቤት ሻንጣ ላከለት። ሰባት ወር ፈጅቶ ነው የደረሰው።

የዘንድሮው ውድድር እሁድ ነው። አንደኛ የወጣው ኦአሃካ ከተማ የስፖርት አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። ላልገባው ደግሞ ያቤጎ ውስጥ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ትምህርት የለም። ኤልፌጎ ነገሩን ሲናገር እንደ ቀልድ ነበር፦ «ካሸነፍኩ ኦአሃካ፣ ከተሸነፍኩ ቲማቲም።» እናቱ ግን ወደ ሰሜን የሚሄድበትን ጃኬት ከወዲሁ ገዝታ አስቀምጣለች።

አጎቷ አቡንዲዮ በሩ ላይ ተቀምጦ ለቱሪስት የሚከራዩትን ብስክሌቶች ሰንሰለት ዘይት ይቀባል። ጋራዡ የመንደሩ ነው፤ ጉባኤው ለእሱ አደራ ሰጥቶታል። እሱ ደግሞ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ለኖሄሚ የራሷን ቁልፍ ሰጥቷታል፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

«አጎቴ» አለች ድምጿን አረጋግታ። «አንድ ሰው የሾክ ቱቦ አሳጥሮ ቢቆርጥ ምን ይደረጋል?»

«ይለቀሳል።»

«የምሬን ነው።»

«እኔስ ቀለድኩ? ቱቦ ፀጉር አይደለም፣ ልጄ። አያድግም።»

«ቢበየድስ?»

አቡንዲዮ ቀና አለ። «መሪ የሚሸከም ቱቦ አይበየድም። ሜዳ ላይ ይይዝልሻል፤ ያታልልሻል። ቁልቁለት ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ድንጋይ ሲመጣ መሪው ተነቅሎ እጅሽ ላይ ይቀራል፣ ብስክሌቱ ወደፈለገው ይሄዳል። የማን ነው?»

«የማንም። እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።»

«እንዲሁ የሚጠይቅ ሰው እንዲህ አያልበውም» አለ። ነገር ግን አቡንዲዮ ሁለት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው አይደለም፤ ወደ ሰንሰለቱ ተመለሰ። «ለማንኛውም ነገ ለደቦው መጋዙን ይዘሽ ውጪ። የድልድዩን ሽቦ የምትቆርጪው አንቺ ነሽ ተብሏል።»

በዚህ መሃል ከመንገዱ ማዶ ፉጨት ተሰማ። የኤልፌጎ ፉጨት ነው፤ ከሩቅ ይታወቃል። ኖሄሚ ምን እንደምታደርግ ሳታስብ የመሪውን ክዳን ከላይ ደፋችበት፣ ሁለቱንም ብሎኖች በብሩጎላ መፍቻ አጠበቀች፣ የጣት አሻራዋን በጨርቅ ወለወለች። ላዩ ሲታይ ብስክሌቱ ሙሽራ ሆነ። ለጊዜው ነው፤ አንድ ዘዴ እስካገኝ ነው አለች ለራሷ።

«አለቀ?» አለ ኤልፌጎ ገና ከደጅ።

«አለቀ።»

ቃሉን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ኤልፌጎ መሪውን ይዞ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ሾኩ ዝቅ ብሎ በቀስታ ተነሳ። ደግሞ ተጫነው። «ኧረ በእናትሽ! ነፍስ ነው እኮ! እይው፣ ሲተነፍስ እይው!» አቅፎ አዟዟራት። ቁመቱ እሷን በአንድ ክንድ ስለሚበልጣት እግሯ መሬት ለቀቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለፋውስቶ ደወለ፤ ካሜራውን ከጎማው እስከ መሪው አመላለሰ።

«ማን ገጠመልህ?» አለ ፋውስቶ። ከጀርባው የትራክተር ድምፅ ይሰማል።

«ኖሄሚ ናታ! ማን ሊገጥምልኝ ነበር፣ ሼባው?»

«ሰምቼሃለሁ!» አለ አቡንዲዮ ከበሩ።

«እሷ ከሆነችማ ዓይንህን ጨፍነህ ውረድ» አለ ፋውስቶ። «ኖሄሚ፣ እግዜር ይስጥሽ። ከልቤ ነው።»

ኖሄሚ ወደ ስልኩ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ፊቷ እንጨት ሆኖባት ነበር።

ኤልፌጎ ያኔውኑ ቁልቁለቱ ላይ ሊሞክረው ፈለገ። ነገር ግን መንገዱ እስከ ቅዳሜው ደቦ ዝግ ነው፤ በያቤጎ የመንደሩን ዝግ መንገድ የሚደፍር የለም። «እንግዲያው ነገ ከደቦው በኋላ ከላይ እስከ ታች!» ብሎ ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ። ዕድሜ ለዝግ መንገድ፣ አንድ ቀን ተገኘ።

ያን ሌሊት አልተኛችም። ብትናገር ኤልፌጎ በሞተው ሾክ ይወዳደራል፣ ይሸነፋል፣ በሐምሌ ይሄዳል፤ ከሄዱት ደግሞ ማን እንደተመለሰ ታውቃለች። ባትናገር ደግሞ የዲያብሎስ ጉልበት አለ። ከሁለቱም ጀርባ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነበር፤ ለማንም የማትነግረው። ማፈሯ። ያ ማፈር ከሁለቱም ይበልጥ ይከብዳት ነበር፤ እንደሚበልጥባት ማወቋ ደግሞ ራሷን አስጠላት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ቀንዱ ተነፋ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው አካፋና ዶማውን፣ ቆንጨራውን ይዞ በጥዱ ጫካ በኩል ዳገቱን ተያያዘው። ደቦውን እነሱ ቴኪዮ ይሉታል፤ ቀርቶ አያውቅም፤ የታመመ እንኳ ወኪል ይልካል። ኤልፌጎ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በሌላው እጁ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ሳያቋርጥ ያወራል።

«ኦአሃካ ስገባ በየአስራ አምስት ቀኑ ትመጫለሽ። በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ሩቅ አይደለም። አይስክሬም እጋብዝሻለሁ።»

«በምንህ?»

«በውበቴ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። በመንገዱ ላይ ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች። አንዴ «ድንጋዩ ያዳልጣል» አለች፤ አንዴ ሳለች፤ በሦስተኛው «ኤልፌጎ፣ ዛሬ አትውረድ» አለችው።

«ለምን?»

«እንዲሁ። ይደክምሃል። ነገ ውድድር ነው።»

«አያቴ ሆንሽብኝ እንዴ? አታካብጂ።»

እስከ ቀትር ሠሩ። ወንዶቹ ዝናብ የቦረቦረውን የመንገድ ኩርባ ሞሉ፣ ሴቶቹ የወደቀ ቅርንጫፍ አነሱ፣ ኖሄሚ ከእንጨቱ ድልድይ ላይ ጎማ እንዳያዳልጥ የተመታውን ያረጀ የሽቦ መረብ በመጋዟ እየቆረጠች አዲስ መታች። በቆረጠች ቁጥር ኪሷ ውስጥ ያለችው ቁራጭ ጭኗን ትወጋታለች። ለምን እንደያዘቻት አታውቅም። መጣል ነበረባት፤ እጇ እምቢ አላት።

ቦሎቄና ቶርቲያ ቀርቦ ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ሲቀመጥ፣ እሷ ጥድ ላይ ወደተደገፈው ብስክሌት ሄደች። ግራ ቀኝ አየች። የፊት ጎማውን የአየር ማስገቢያ በጥፍሯ ተጫነችው፤ አየሩ እየፎጨ ወጣ። ጎማው ሲተኛ እፎይ አለች። እፎይታው ግን የአንድ ቶርቲያ ዕድሜ አልነበረውም።

«ወይ ጉድ፣ እሾህ ወጋኝ!» ሲል ሰማችው። ከቦርሳው መንፊያውን አወጣ፣ የጎማውን ዙሪያ ምራቁን ቀብቶ ፈተሸ፣ ምንም ስላላገኘ ትከሻውን ነቅንቆ ነፋው። «አምስት ደቂቃ!» ብሎ አውራ ጣቱን አሳያት። ኖሄሚ ያን ጊዜ ነው በእውነት ተስፋ የቆረጠችው። ጎማ ብታስተነፍስ ይነፋዋል፤ ሰንሰለት ብትፈታ ይገጥመዋል። እሷ ያስተማረችው ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሰዉ ከዳገቱ ራስ ላይ ባለችው የመሣሪያ ጎጆ ደጃፍ፣ ጠረጴዛው ፊት ተሰለፈ። መንገዱ ቁልቁል የሚጀምረው ከዚያው ነው። ዘንድሮ የመሣሪያ አደራ የተሰጣቸው ዶኛ ፊደንሲያ ናቸው፤ ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ባርኔጣቸው የወንድ ነው፣ የማን እጅ ላይ የቱ ዶማ እንዳለ በቃላቸው ያውቃሉ። ደንቡ የድሮ ነው። እያንዳንዱ የያዘውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ እሳቸው «ምን ተሰበረ?» ብለው ይጠይቃሉ። የሰበረ ይናገራል። «ከተነገረ ተጠገነ» ይባላል፤ ማንም አይቆጣውም፤ ዕቃው በጋራ ይታደሳል። ደብቆ የተገኘ ግን ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ይደውላል። አቡንዲዮ በወጣትነቱ አንድ የተሰነጠቀ የዶማ እጀታ በጭቃ ለስኖ አስረክቦ፣ ደወሉን ደውሎ ነው ዓመቱን የጨረሰው፤ እስከ ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት ያለ ቀስቃሽ ይነቃል።

ኖሄሚ ከኤልፌጎ ፊት ቆማለች። እሱ ሄልሜቱን አጥልቋል፤ አካፋውን ሊያስረክብና ሊወርድ ነው። የብስክሌቱ የፊት ጎማ ተረከዟን እየነካ ወደፊት ያስኬዳታል።

«ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ፣ ቁልቁለቱ ጠማኝ!»

ከፊቷ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ አለቁ። ተራዋ ደረሰ። መጋዙን አስቀመጠች።

«ምን ተሰበረ?» አሉ ዶኛ ፊደንሲያ ቀና ሳይሉ።

«ምንም።»

«እግዜር ይስጥሽ። ቀጣይ!»

አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደች። ኤልፌጎ አካፋውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ፣ «ምንም!» ብሎ፣ አንድ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ከፊቱ መንገዱ በጥዶቹ መሃል ቁልቁል ተወርውሯል፤ መቶ ሜትር ሳይሄድ የዲያብሎስ ጉልበት አለ።

«ቆይ!»

የገዛ ጩኸቷ አስደነገጣት። ሰው ሁሉ ዞረ። ኖሄሚ የፊት ጎማውን በእግሮቿ መሃል አስገብታ መሪውን ጨምድዳ ያዘች።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ ኤልፌጎ እየሳቀ።

አንድ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች፣ ቁራጯን አወጣች፣ ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

«ዋሽቻለሁ፣ ዶኛ ፊደንሲያ። የሰበርኩት አለ።»

አሮጊቷ ቁራጯን አንስተው ወደ ፀሐይ አዟዟሯት። «ይሄ የመንደሩ ነው?»

«አይደለም። የኤልፌጎ ነው። በመንደሩ መጋዝ ነው የቆረጥኩት። ሁለት ጣት አሳጥሬዋለሁ። መሪው በአንድ ብሎን ነው የቆመው፤ እሱም በቅጡ አልያዘም። ትናንት አውቄ ነው አለቀ ያልኩት።»

የአቡንዲዮ ዓይን መሬት ላይ ነበር። ኤልፌጎ ከብስክሌቱ ወረደ። ብሩጎላውን ከቦርሳው አወጣ፣ ክዳኑን ፈታ፣ ሌባ ጣቱን ከላይ ከተተ። ጣቱ ምንም ሳይነካ ገባ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ገባ። እዚያው ጥቂት አቆየው። ከዚያ ራሱን አዞረና ቁልቁለቱን ተመለከተ፤ የፊቱ ቀለም ሲለወጥ ሁሉም አየ።

«በየትኛው ብስክሌት ነው የለካሽው?» አለ በመጨረሻ።

«በኔ።»

«በአንቺ።» ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ የአንቺ ላይ ልክ ነው የሚገባው፣ አይደል?»

ለራሷ ብላ አሳጠረችው ብሎ እንደሚጠረጥራት ኖሄሚ አላሰበችም። ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ ያላሰበችው ይህ ብቻ ነበር። «ኤልፌጎ፣ እንደዛ አይደለም፤ በፋውስቶ ይሁንብኝ፣ በእናቴ...»

«የፋውስቶን ስም አትጥሪ።»

ዶኛ ፊደንሲያ ቁራጯን ለእሱ አቀበሉት። «ከተነገረ ተጠገነ» አሉ፣ ደንብ ስለሆነ። ቀጥለው ግን ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ «ይሄ ለመንደሩ ነው። ለአንተ እኔ አልናገርልህም፣ ልጄ» አሉት።

ኤልፌጎ ቁራጯን ኪሱ ከተተ። ሄልሜቱን አውልቆ መሪው ላይ አንጠለጠለና ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ መውረድ ጀመረ። አንድም ሰው አልተከተለውም። አቡንዲዮ ወደ ኖሄሚ መጥቶ እጁን ዘረጋ፤ ምን እንደፈለገ ስለገባት የጋራዡን ቁልፍ ከአንገቷ አውጥታ ሰጠችው። ተቀብሎ አየው። ከዚያ መልሶ እጇ ውስጥ ጨበጠላት።

«አሮጌው ሾክ ሞርሳው ሥር ነው» አለ። «ዛሬ ካልተገጠመ ነገ አይደርስም። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ታመጪልኛለሽ።»

በአቋራጩ ብትሄድ ከኤልፌጎ ቀድማ መንደር ትደርስ ነበር። አቋራጩን ትታ በመንገዱ ወረደች።

የዲያብሎስ ጉልበት ጋ ደረሰችበት። ቆሟል። ከእግሩ ሥር ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተደራርበው እስከ ወንዙ ይወርዳሉ። ነድቶ የሚያልፍ ካልሆነ፣ ብስክሌት በእግር ለማውረድ ሁለት ሰው የግድ ነው፤ አንዱ መሪውን፣ አንዱ የኋላ ጎማውን ካልያዘ አይሆንም። ኤልፌጎ ብቻውን ሞክሮ እንደነበር ከቅልጥሙ ደም አወቀች።

ሦስት እርምጃ ርቃ ቆመች። ይቅርታ ልትል ነበር፤ ግን ቃሉ ለዚህ ነገር አነሰባት።

«ነገ በአሮጌው ነው የምወርደው» አለ ሳይዞር።

«አውቃለሁ።»

«እጄ እዚህ ጋ ከከዳኝ ቲማቲም ነው።»

«አውቃለሁ።»

ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማል። ኤልፌጎ መሪውን አንስቶ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ እግሩን አሳረፈ። ኖሄሚ ሳትጠየቅ ሄዳ የኋላ ጎማውን ያዘች። ልቀቂ አላላትም፤ ያዢም አላላትም። ክብደቱ ወደ እሷ ሲመጣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ተቀበለችው፤ ድንጋይ በድንጋይ፣ ቀስ እያሉ መውረድ ጀመሩ።